ሶዶ ላይ የሚያልፉ፣ ሰርቨሩ ላይ የሚወድቁ

ወላይታ ሶዶ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ በኃይሉ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እኔም ቤተሰቦቼም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። በቅድሚያ ይቅርታ፤ ጥያቄዎ የደረሰኝ ከትናንት ወዲያ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ግን ዛሬ ነው የምመልሰው። ቻት ላይ የሚጻፍ ነገር ሁሉ ይቸኩላል፣ ያየሽውን ረጋ ብለሽ በደብዳቤ አድርጊልኝ ስላሉኝ ከእንግዲህ በኢሜይል ረጅም አድርጌ እጽፋለሁ። ቢሰለችዎ ጥፋቱ የእርስዎ ነው።

ለጠየቁኝ፦ አዎ፣ አርባ አንዱንም ቴስት አንድ በአንድም፣ ሁሉንም በአንድ ላይም አስኬጃቸዋለሁ። እዚህ ላፕቶፔ ላይ ሁሉም ያልፋሉ። እናንተ ቢሮ ያለው ሰርቨር ኮዱን ተቀብሎ በራሱ ሲገነባና ሲፈትን ግን አራቱ ይወድቃሉ። ሁልጊዜ እነዚያው አራቱ ናቸው። አንደኛው የመልእክቱን ጽሑፍ ከፋይል የሚያነበው ነው። ሦስቱ የጠዋቱ ማስታወሻ የሚወጣበትን ሰዓት የሚያሰሉት ናቸው።

አባቴ ትናንት ከባንኮኒው ማዶ ሆኖ ምን እንደሚያስተክዘኝ ጠየቀኝ። የምሠራው ሱቁ ውስጥ ነው፤ ላፕቶፑ ከሳሙና ካርቶኖቹ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ቴስት ማለት ፕሮግራሙን ለሰው ከመስጠታችን በፊት የምንጠይቀው ጥያቄ ነው፤ ትክክል ከመለሰ አረንጓዴ፣ ከተሳሳተ ቀይ ይበራል ብዬ አስረዳሁት።

«እና እዚህ የሚያውቀውን አዲስ አበባ ሲደርስ ይረሳዋል?» አለኝ።

«አዎ።»

«ፈርቶ ነዋ። አንቺም መጀመሪያ ስትሄጂ እንዲያ ነበርሽ» ብሎኝ ወደ ደንበኛው ዞረ። እስካሁን ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም።

የሥራው ኃላፊ ወይዘሮ ሚርያም የጻፉልኝን እርስዎም አይተውታል። ግንቦት 4 በተበላ፣ በቤሌና በአረካ ከተሞች ያሉ ጤና ጣቢያዎች ለስኳር ሕሙማን የመድኃኒት ማስታወሻ በስልክ መላክ ይጀምራሉ። እስከዚያ ሰርቨሩ አረንጓዴ ካልሆነ ሥራው ከእኔ ተወስዶ ለአዲስ አበባው ቡድን ይሰጣል። ይህ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው፣ ጋሼ። ከሶዶ ሳልወጣ እሠራለሁ ብዬ ስከራከር ያመነኝ ሰው ጥቂት ነው። ቢወስዱብኝ በጣም ነው የማዝነው፤ ይህን ልደብቅዎ አልፈልግም።

አክባሪዎ ጦይባ ኸይሩ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳሮ ጦይባ፣

በወላይትኛ ሳሮ ብዬ ሰላም ያልኩሽ ሃያ ስድስት ዓመት አዲስ አበባ ብቀመጥም የሶዶ ሰው መሆኔን እንዳትረሺ ነው። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለአባትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ቢሯችን ውስጥ እንደ እሳቸው አጥርቶ የሚያስረዳ የለም።

ተስፋ እቆርጥ ይሆን ብለሽ ሰግተሽ ከሆነ፦ ኧረ እንዲያውም ደስ ብሎኛል። በዚህ ሙያ ውስጥ «እኔ ጋ እኮ ይሠራል» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ጆሮዬ ይቆማል። እንዲህ የሚል ሰው አይዋሽም። ሰርቨሩም አይዋሽም። ሁለቱም እውነታቸውን ከሆነ በሁለቱ ቤቶች መካከል አንድ የሚለይ ነገር አለ፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ግን ስለለመደው አያየውም። እሱን ነው የምንፈልገው። ከአስቸጋሪ ነገር ሁሉ እንዲህ ያለውን እወዳለሁ።

ፋይል የሚያነበው ቴስት ቀላል ይመስለኛል። የፋይሉን ስም ተመልከቺ። ያንቺ ዊንዶውስ ስሙ በትልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ቢጀምርም በትንሽ ቢጀምርም ግድ አይሰጠውም። ሰርቨሩ ግን የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ሌላ ሥርዓት ነው፤ ለእሱ ሁለቱ የተለያዩ ፋይሎች ናቸው። አስተካክይና ላኪልኝ።

ሦስቱን በተመለከተ ሁለት ነገር አድርጊልኝ። ቴስቶቹን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አስኪጃቸው፤ አንዱ ለሌላው የሚተወው ነገር ካለ ይጋለጣል። ከዚያ ደግሞ የላፕቶፕሽ ሰዓት ትክክል መሆኑን አረጋግጪልኝ። ዕድሜ የጠገበ ኮምፒውተር ሰዓቱ ይዛባል።

አንድ የግል ውለታም አለኝ። እናቴ ወይዘሮ ትርፌ ከመናኸሪያው ጀርባ ብቻዋን ትኖራለች። ስኳር አለባት፤ ኪኒን መውሰድ ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው። ስደውልላት «ደህና ነኝ፣ ካርድህን አትጨርስ» ብላ ትዘጋዋለች። በዚያ በኩል ስታልፊ ጎራ ብለሽ ብታያት ደስ ይለኛል።

በኃይሉ


ወላይታ ሶዶ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ በኃይሉ፣

እንኳን ለስቅለት በሰላም አደረሰዎ። ለፋሲካም በሰላም ያድርስዎ።

የፋይሉ ነገር እንዳሉት ነው። አንድ ፊደል! ሁለት ሳምንት ሙሉ የለፋሁት ለአንድ ፊደል ነው። አስተካክዬ ስልክልዎ ያ ቴስት አለፈ። በደስታ ብጮህ ሱቅ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ሎተሪ የወጣልኝ መስሏቸው ነበር።

ሦስቱ ግን ንቅንቅ አላሉም። ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አስኬድኳቸው፤ ያው ነው። ሰዓቱንም አረጋግጫለሁ። ላፕቶፑን ሱቃችን ግድግዳ ላይ ካለው ትልቁ ሰዓት ጋር አስተያየሁት፤ በደቂቃ እንኳ አይለያዩም። አባቴም በእጅ ሰዓቱ መስክሯል። ስለዚህ ሰዓቱን ከተጠርጣሪዎቹ ዝርዝር ያውጡልኝ።

ቻት ላይ ቁጥሮቹን ጻፊልኝ ስላሉኝ እነሆ። ሦስቱም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ የጠዋት ሁለት ሰዓቱ ማስታወሻ ሰርቨሮች በሚቆጥሩበት በግሪኒች ሰዓት ስንት ላይ ይወጣል? የእኔ ላፕቶፕ 5 ይላል። ትክክለኛውም 5 ነው፤ እዚህ ሞክሬው መልእክቱ በትክክል ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ገብቷል። ሰርቨሩ ግን 2 ይላል። ሦስቱም ላይ ልዩነቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ዕድል ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ይሳሳት ነበር።

እማማ ትርፌን አየኋቸው። ደህና ናቸው። «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። የኸይሩ ልጅ ነኝ ስላቸው «ባለሱቁ ኸይሩ! እሱማ ወንድሜ ነው» ብለው አንድ ብልቃጥ ዳጣ ለእርስዎ እንዲላክ ሰጡኝ። የምሠራውን ስነግራቸው ከግንቦት 4 በፊት በአምስት ሰዎች ላይ ከምናደርገው ሙከራ ካልገባሁ ብለው ሙጭጭ አሉ። «ልጄና አንቺ ለሰው ሁሉ ስትልኩ ለእኔ የማትልኩልኝ ምን አድርጌ ነው?» ብለው አፈጠጡብኝ። ከአምስቱ በጎ ፈቃደኞች አንዷ አደረግኳቸው። ይፈቅዱልኛል ብዬ ነው።

ጦይባ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳሮ ጦይባ፣

ፋሲካን በሰላም አሳልፈናል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ዳጣው ደርሶኛል፤ ግማሹ አልቋል። እናቴን በሙከራው ስላስገባሻት ቅሬታ የለኝም። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ኪኒንሽን ውሰጂ እያልኩ ነግሬያታለሁ፤ ከእኔ ይልቅ የስልኩን መልእክት ታምን ይሆናል።

ቁጥሮችሽን ሳይ ከወንበሬ ተነሳሁ። ሦስት ሰዓት! ከግሪኒች የምንለየው በሦስት ሰዓት አይደለም? ያዝኩት አልኩ። ሻይ አዝዤ፣ ወረቀት አውጥቼ ሳሰላው ግን ተገለበጠብኝ።

እስኪ ተከተይኝ። ፀሐይ እኛ ጋ ከግሪኒች ቀድማ ትወጣለች። ላፕቶፕሽ ሶዶ ካለ መልሱ ከሰርቨሩ መልስ በሦስት ሰዓት መቅደም ነበረበት። ያንቺ ግን በሦስት ሰዓት ዘገየ። ልዩነቱ ትክክል ነው፣ አቅጣጫው ግን የተገላቢጦሽ ነው። በዚህ ስሌት አንቺ ያለሽው ከግሪኒች በስተምዕራብ፣ አትላንቲክ ውቅያኖስን ተሻግረሽ ነው። ዳሞታ ተራራ ከመስኮትሽ ይታይሻል ወይስ ባሕር?

ወረቀቱን ለአራት ሰው አሳየሁት፤ ሁሉም አንገቱን ነቀነቀ። ላፕቶፑ ከየት ነው የተገዛው? ውስጡ ከውጭ አገር የመጣ ፕሮግራም ይኖር ይሆን? የምታስታውሺውን ሁሉ ጻፊልኝ፤ የማይረባ የሚመስልሽን ጭምር።

ሚርያም በየቀኑ ጠረጴዛዬ ጋ እየመጣች ትጠይቀኛለች። ደርሰንበታል እላታለሁ። ደግሞም እየደረስን ነው። አይዞሽ።

በኃይሉ


ወላይታ ሶዶ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ በኃይሉ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዛሬ በአጭሩ ነው የምጽፈው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ላፕቶፑን የገዛነው እዚሁ ሶዶ ነው። ከውጭ የመጣ ፕሮግራም የለውም።

እንዳዩት ሰርቨሩ ከትናንት ጀምሮ አረንጓዴ ነው። ወይዘሮ ሚርያም የደስታ መልእክት ልከውልኛል። ሙከራው በአምስቱ ሰዎች ነገ ይጀመራል። እንዴት እንደተስተካከለ ቻት ላይ ለጠየቁኝ ሌላ ቀን በሰፊው እጽፋለሁ፤ አሁን ለጤና ጣቢያዎቹ ስልጠና እየተዘጋጀሁ ስለሆነ ነው።

ከመስኮቴ የሚታየኝ ዳሞታ ነው።

ጦይባ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳሮ ጦይባ፣

እንኳን ደስ አለሽ። የላክሽውን ያጸደቅኩት በዚያው ዕለት ጠዋት ነው። ያለ እኔ ማጽደቅ ምንም ነገር ሰርቨሩ ላይ እንደማይወጣ ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ ምስጋናሽ ይገባኛል ማለት ነው።

ምክንያቱን ስትጽፊ አነበዋለሁ። አልቸኩልም። ያ የተገላቢጦሽ አቅጣጫ ግን እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም፤ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜም አሰላዋለሁ።

እናቴ ከትናንት ጀምሮ ስልክ አታነሳም። ቻት ላይ «ደህና ናቸው» ብለሽ መልሰሽልኛል፤ አመሰግናለሁ። ያየሻት መቼ ነው? ትናንት የማርያም ዕለት ስለነበር ቤተ ክርስቲያን ውላ ይሆናል። ስልኳን ቻርጅ ማድረግ መርሳቷም ሊሆን ይችላል። ብቻ ጻፊልኝ።

በኃይሉ


ወላይታ ሶዶ፣ ሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ በኃይሉ፣

ከሁሉ በፊት፦ እናትዎ አሁን ደህና ናቸው። በልተዋል፣ ጠጥተዋል፣ እኔንም ተቆጥተውኛል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ነው። የቀረውን ይህን ይዘው ያንብቡ።

ትናንት ደህና ናቸው ያልኩዎት ውሸት ነበር። የማርያም ዕለት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ራሳቸውን ስተው ወድቀዋል። ጎረቤቶቻቸው በባጃጅ ክሊኒክ አደረሷቸው። ስኳራቸው በጣም ወርዶ ነበር። ኪኒኑን ውጠው ምግብ ሳይቀምሱ ሦስት ሰዓት ያህል ቆይተዋል። ስልካቸው ሲወድቁ ተሰብሯል፤ የማያነሱት ለዚህ ነው። እንዳልነግርዎ አስምለውኝ ነበር፣ ዝም ያልኩት ግን በመሐላው ብቻ አይደለም። ፈርቼ ነው።

የፈራሁት ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ነው። ሰርቨሩን አረንጓዴ ያደረግኩት ችግሩን ፈትቼ አይደለም። ሦስቱ ቴስቶች ላይ «ይዘለል» የሚል ምልክት አደረግኩባቸው። የማይጠየቅ ጥያቄ አይወድቅም። ቀኑ እየደረሰ ነበር፤ ሥራው ሲወሰድብኝና አባቴ ለሰፈሩ ሁሉ ያወራልኝን ሥራ ሳጣ እየታየኝ ነበር። መልእክቱ እኔ ጋ በሰዓቱ ስለሚደርስ ስህተቱ የቴስቶቹ እንጂ የፕሮግራሙ አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በዚህ አፍራለሁ፣ ጋሼ።

አሁን የሆነውን በቅደም ተከተል ልንገርዎ፤ እርስዎ ነገሩን ሳይረዱ እንቅልፍ እንደማይወስድዎ አውቃለሁና። እማማ ትርፌ ክሊኒክ ውስጥ ዓይናቸውን ሲገልጡ የመጀመሪያ ወሬያቸው እንዲህ ነበር፦

«ስልኩ ሁለት ሰዓት ሆኗል፣ ቁርስሽን አቅርቢና መድኃኒትሽን ውሰጂ አለኝ። እኔ ደግሞ ለኪዳን ልወጣ ነጠላዬን እየለበስኩ ነው። ገና አሥራ አንድ ሰዓት ነው፣ ጨለማ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዋጡት?» አልኳቸው።

«ከሐኪም ቤት የመጣ አይደል? እነሱ ሳያውቁ ይልካሉ? ቁርሱን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እበላለሁ አልኩ።»

ከንጋቱ አሥራ አንድ እስከ ጠዋቱ ሁለት ስንት ነው? ሦስት። ያው የእኛው ሦስት ሰዓት እናትዎ ቤት ገብቶ ነበር። ሰርቨሩ መልእክቱን የላከው በራሱ ሁለት ሰዓት ነው፤ የግሪኒች ሁለት ሰዓት የእኛ ከንጋቱ አሥራ አንድ ነው። ቴስቶቹ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይህንኑ ነበር የሚነግሩኝ። በመጀመሪያው ቀን እማማም ሌሎቹም አራቱ ተኝተው ስለነበር መልእክቱን ያዩት ቁርስ ላይ ነው፤ ማንም ምንም አላለም። ወዲያው ሙከራውን አቁሜዋለሁ።

ከዚያ የእርስዎ ባሕር ትዝ አለኝ። ሱቅ ሄጄ የላፕቶፑን የሰዓት ማስተካከያ ከፈትኩ። በሕይወቴ ከፍቼው አላውቅም። የተመረጠው ከተማ ሞንቴቪዲዮ ይላል። ጋሼ፣ ላፕቶፔ ሦስት ዓመት ሙሉ ደቡብ አሜሪካ ነው የኖረው!

አባቴን ጠየቅኩት። ትንሽ አሰበና ሳቀ። ላፕቶፑ እንደተገዛ ባንኮኒው ላይ ሆኖ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስምንት ይል ነበር። ደንበኛ ሰዓት ሲጠይቅ አባቴ ይናደዳል። አንድ የኮምፒውተር ጠጋኝ ጠርቶ «የእኛን ሰዓት አድርግልኝ» አለው። ጠጋኙ የከተሞቹን ዝርዝር አንድ በአንድ ሞክሮ ከግድግዳው ሰዓት ጋር የሚገጥም ሲያገኝ አቆመ። ሞንቴቪዲዮ ከእኛ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ ስለዚህ እዚህ ስምንት ሲሆን እዚያ ሁለት ነው። አገሪቱ የት እንደሆነች የጠየቀ የለም። ሰዓቱ ልክ ነው፣ አለቀ።

እኔም ላፕቶፑ ሁለት ሲል ሁለት ሰዓት ስለሆነ ኮዱ ውስጥ ጠዋት ሁለት ብዬ ጻፍኩ። የሰዓቱን ትክክለኛነት ሲጠይቁኝ ከግድግዳው ጋር አስተያየሁት። የግድግዳው ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ ነው፤ እኔም እንደ እኛ ነው የምቆጥረው፤ ሁላችንም ተስማማን። በሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

ምልክቶቹን አንስቻቸዋለሁ፤ ሰርቨሩ አሁን ቀይ ነው። ለወይዘሮ ሚርያም ዛሬ ጠዋት ሁሉንም ጽፌላቸዋለሁ፤ መልስ አልሰጡኝም። ሥራውን ቢወስዱብኝ አልከራከርም። ከእርስዎ ግን ይቅርታ እለምናለሁ። እናትዎን በእጄ ሰጥተውኝ ነበር።

ጦይባ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጦይባ፣

ከእናቴ ጋር በጎረቤቷ ስልክ አውርተናል። አጠገቧ ስለተቀመጥሽ አመሰግንሻለሁ።

ይቅርታ ጠይቀሽኛል። መልሴን ከመስጠቴ በፊት አንቺ የማታውቂው ነገር አለ። ምልክቶቹን አይቻቸዋለሁ።

የላክሽውን ሳጸድቅ የተለወጠው መስመር ሁሉ ፊቴ ይደረደራል። ሦስት መስመር ነው፤ ሦስቱም ላይ «ይዘለል» ይላል። አንብቤዋለሁ። ሚርያም በር ላይ ቆማ ነበር። አንቺ ሥራሽን እንድታጪ አልፈለግኩም፤ እኔም ደርሰንበታል ማለት ሰልችቶኝ ነበር። ከግንቦት 4 በኋላ እንፈታዋለን ብዬ ማጽደቂያውን ተጫንኩ። ከዚያ «ምክንያቱን ስትጽፊ አነበዋለሁ» ብዬ እንደማያውቅ ሰው ጻፍኩልሽ። አንቺ እንድትናገሪ እየጠበቅኩ እኔ ዝም አልኩ። አንቺ ሃያ አራት ዓመትሽ ነው፣ የመጀመሪያ ሥራሽ ነው። እኔ ምን ምክንያት አለኝ?

ሌላም አለ። የምትልኪው ለውጥ ሁሉ የተላከበትን ሰዓት ይዞ ይመጣል፤ ከጎኑ ከግሪኒች ያለው ርቀት ይጻፋል። የሶዶ ቢሆን ሲደመር ሦስት ማለት ነበረበት። ያንቺ ሦስት ወር ሙሉ ሲቀነስ ሦስት ይል ነበር። በየቀኑ ዓይኔ ሥር ነበር፤ ትናንት ነው ያየሁት። «ጠዋት ሁለት» የሚለውን መስመርሽንም ገና በየካቲት ነው ያጸደቅኩት። የሌላ አገር ሰው ቢያየው በእነሱ አቆጣጠር ከሌሊቱ ሁለት ሰዓት ላይ ማንን ልታስነሱ ነው ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኔ ግን የሶዶ ልጅ ነኝ፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲባል ፀሐይ ወጥታ ታየችኝና አለፍኩት። በሁለቱ ቤቶች መካከል የሚለየውን የለመደ ሰው አያየውም ብዬሽ አልነበር? ስለ አንቺ የምናገር መስሎኝ ነበር።

ለሚርያም ነግሬያታለሁ። ለእናቴም ነገርኳት፤ ይሄኛው ይበልጥ ከበደኝ።

«ማጽደቅ ማለት ምንድን ነው?» አለችኝ።

«አይቼዋለሁ፣ ይውጣ ብሎ መፈረም ነው።»

«ሳታነብ ፈረምክ?»

«አንብቤ ነው።»

ካርድህን አትጨርስ እንኳ አላለችኝም። ስልኩን ለጎረቤቷ መለሰችው።

አንቺን ይቅር ለማለት እኔ አልበቃም። ሚርያም ነገ ትጽፍልሻለች፤ ምን እንደምትወስን አልነገረችኝም።

በኃይሉ


ወላይታ ሶዶ፣ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ በኃይሉ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። መልስ ያዘገየሁት ተቀይሜ እንደሆነ በሰው አስጠይቀውኛል። አልተቀየምኩም። በእርግጥ ሁለት ቀን ተናድጄብዎ ነበር፤ ከዚያ ራሴም ያደረግኩት መሆኑ ትዝ ሲለኝ በረደልኝ። የዘገየሁት ከሰው ቤት ሰው ቤት እየዞርኩ ስለነበር ነው።

የወይዘሮ ሚርያም ውሳኔ ደርሶዎታል፤ እኔ ግን ደብዳቤውን አሁንም በቀን ሁለት ጊዜ አነበዋለሁ። ሥራው እኔው ጋ ይቆያል። የሚጀመርበት ቀን ወደ ግንቦት 25 ተገፍቷል። ከእንግዲህ እርስዎ የእኔን ብቻ አያዩም፤ እኔም የእርስዎን አይቼ አጸድቃለሁ ወይም እመልሳለሁ። ይህን ሳነብ ሱቁ ውስጥ አለቀስኩ። አባቴ ሰው የሞተ መስሎት ደንግጦ ነበር።

ኮዱ አሁን ሰዓቱን ከማሽኑ አይወስድም፤ አዲስ አበባ ተብሎ በስሙ ተጽፎለታል። አርባ አራት ቴስቶች አሉን፤ እዚህም እዚያም አረንጓዴ ናቸው። የላፕቶፑን ከተማ ልቀይር ስል አባቴ ሰዓቱን አትንኪ ብሎ ከለከለኝ። ሞንቴቪዲዮ ሆኖም ስለሚያልፍ ተውኩለት።

ስዞር የከረምኩት ደግሞ ለዚህ ነው። እማማ ትርፌ ከዳኑ በኋላ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ነበር፦ ሁሉም ሰው ሁለት ሰዓት ላይ ቁርስ ይበላል ያለን ማነው? ማንም። እኛው ነን ያልነው። ስለዚህ በጎ ፈቃደኞቹን በየቤታቸው እየሄድኩ ቁርስ የሚበሉት ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቅኩ። ተበላ ያሉት አንድ ገበሬ መጀመሪያ ማሳ ደርሰው ነው የሚመለሱት፤ አራት ሰዓት አሉኝ። ማስታወሻው ከእንግዲህ በእያንዳንዱ ሰው የቁርስ ሰዓት ይወጣል።

ትናንት ደግሞ የመጀመሪያው የእርስዎ ለውጥ ለማጽደቅ ደረሰኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የእናትዎን መዝገብ ነው የሞሉት። «የቁርስ ሰዓት፦ ሦስት» ይላል፤ ከጎኑም «ማለዳ መብላት አትወድም» ብለው ጽፈዋል።

ጋሼ፣ አላጸደቅኩትም። ስህተት ነው።

ይህን ማን ነገረዎ? የማስታውሰው ከልጅነቴ ነው ይሉኝ ይሆናል። ያ ሃያ ስድስት ዓመት አልፎታል። እኔ ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ፤ መልሱንም አውቀዋለሁ፤ ግን አልጽፍልዎትም። አዲስ ስልክ ገዝተውላቸዋል፣ ቁጥሩ ያው የድሮው ነው። ደውለው ይጠይቋቸውና መስመሩን አስተካክለው መልሰው ይላኩልኝ፤ ያን ጊዜ አጸድቀዋለሁ።

ለእማማ ትርፌም ይህንኑ ነግሬያቸዋለሁ። «ከጠየቀኝማ እነግረዋለሁ» ብለዋል።

አክባሪዎ ጦይባ